ፍጥነትን ወዶ ጭሱን ያልረሳው መሐንዲስ፤ የዩጂን ሁድሪ ሕይወትና ሥራ

ኃይለኛ መኪና የገዛ ሰው ለመካኒኩ ከሚያቀርባቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ፣ ከሞተሩ ቀጥሎ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተገጠመው ሣጥን ተቆርጦ እንዲወጣለት ነው። ሣጥኑ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። ባለመኪናው እንደሚያምነው ሣጥኑ የሞተሩን ትንፋሽ ያፍናል፤ ጉልበቱን ይሰርቃል፤ ድምፁን ያደክማል። እዚያ የተቀመጠውም ፍጥነት ምን እንደ ሆነ በማያውቁ ሕግ አውጪዎች ትእዛዝ ነው ብሎ ያስባል።

የእምነቱ የመጀመሪያ ክፍል በቁጥር የሚመረመር የምሕንድስና ጉዳይ ስለ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን። ሁለተኛው ክፍል ግን ስሕተት ነው። የዚህ መሣሪያ አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው የእሽቅድምድም መኪና የሚነዳ፣ ለሞተር ጉልበት ሲል ዕድሜውንና ሀብቱን ያፈሰሰ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ዩጂን ሁድሪ ይባላል። በማኅበራችን አባላት ዘንድ ስሙ እምብዛም ባይነሣም፣ የሥራው ፍሬ ግን በየቀኑ በእጃችን ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነቱና ወጣትነቱ

ሁድሪ የተወለደው ሚያዝያ 18 ቀን 1892 በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በዶሞን ከተማ ነው። አባቱ ባለጸጋ የብረታ ብረት ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበር፣ ልጁ ገና ከጅምሩ በእሳትና በብረት መካከል አደገ። በፓሪስ በታወቀው የምሕንድስናና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማረ። በ1911 ሲመረቅም ከክፍሉ አንደኛ በመሆን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን አለቃ እንደ ነበረም ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ በአባቱ ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመረ።

ይሁን እንጂ ሰላማዊው ሥራ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወጣቱ መሐንዲስ ወደ ጦር ሜዳ ዘመተ፤ በኋላም በጊዜው አዲስ ወደ ነበረው የታንክ ክፍል ተዛወረ። በ1917 በዡቪንኩር በተደረገው ውጊያ፣ የተበላሹ ታንኮች በጠላት ተኩስ ሥር እንዲጠገኑ ሲያስተባብር በጽኑ ቆሰለ። ለዚህም የጦር ሜዳ ኒሻን ተሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሽልማቱን ያገኘው ጠላት ስለ ገደለ ሳይሆን ሞተር ስለ ጠገነ ነው። የሕይወቱ አቅጣጫ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ይመስላል።

ከጦርነቱ በኋላ የመኪና ፍቅር ልቡን ወሰደው። ቡጋቲ የተባለውን ፈጣን መኪና ይነዳ ነበር። በ1922 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ፤ በኢንዲያናፖሊስ የሚደረገውን ታላቅ የመኪና እሽቅድምድምም ተመለከተ። ከጉብኝቱ ይዞት የተመለሰው ሐሳብ ግን ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ነዳጅ ነበር።

ምክንያቱ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። የአንድ ሞተር ጉልበት የሚጨምረው ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን አብልጦ ሲያምቅ ነው። ነገር ግን ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ እመቃው ሲበዛበት ከጊዜውና ከቦታው ውጭ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ይንኳኳል፤ በመጨረሻም ይሰበራል። በዚያን ዘመን የሞተር ሠሪዎችን እጅ የያዘው የብረቱ ድክመት ብቻ ሳይሆን የቤንዚኑ ድክመት ነበር። ይህንን ቤንዚን በመቋቋም ችሎታው የምንለካበት ሚዛን ዛሬ ኦክቴን ይባላል።

ለዚህ ችግር በዚያው ዘመን ሁለት መልሶች ተገኙ። አንደኛውን ያገኘው አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ ነው፤ በ1921 ጥቂት የእርሳስ ውህድ በቤንዚን ውስጥ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቆም ደረሰበት። በ1923ም እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለገበያ ቀረበ። ሁለተኛውን መልስ ሊፈልግ የተነሣው ሁድሪ ነበር። እርሱ በነዳጁ ላይ ባዕድ ነገር ከመጨመር ይልቅ ነዳጁን ራሱን ከሥሩ ለውጦ መሥራትን መረጠ። የሁለቱ መልሶች መንገድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና እንደሚገናኝ በዚያን ጊዜ የሚገምት አልነበረም።

ከከሰል ወደ ሸክላ አፈር

ፈረንሳይ በቂ የሆነ የራስዋ ነዳጅ አልነበራትም። በጦርነቱ ጊዜ በቤንዚን እጥረት ተፈትናለችና፣ ሊግናይት ከተባለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል ቤንዚን ለማውጣት ተስፋ ታደርግ ነበር። በኒስ ከተማ የሚኖር ፕሩዶም የሚባል አንድ ኬሚስት ይህን የሚያደርግ ካታሊስት አግኝቻለሁ ማለቱን ሁድሪ በ1922 ሰማ፤ ከርሱም ጋር ተባብሮ ምርምሩን ጀመረ።

ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ንጥረ ነገሮች ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ሁለት ተጣዪዎችን አስታርቆ፣ ከእርቁ ምንም ሳይወስድ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሽማግሌ ሊመሰል ይችላል። ሁድሪ በሙያው ኬሚስት አልነበረም። ለኬሚስትሪ እንግዳ መሆኑ ግን ከመሞከር አላገደውም።

በመንግሥት ድጋፍ የተሠራው የሙከራ ፋብሪካ በ1929 ሥራ ጀመረ፤ በቀን 60 ቶን ሊግናይት ያስተናግድ ነበር። ቤንዚኑ ወጣ፤ ሒሳቡ ግን አልወጣም። ከከሰል የተገኘው ቤንዚን ከውጭ ከሚገባው ጋር በዋጋ ሊወዳደር ስላልቻለ መንግሥት ድጋፉን አቆመ። ብዙዎቻችን ሥራችን በቴክኒክ ተሳክቶ በዋጋ ሲወድቅ አይተናልና፣ ኀዘኑ ምን እንደሚመስል ለመገመት አንቸገርም።

ሁድሪ ግን አስቀድሞ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ከሥር የሚቀረውን ወፍራም ዘይት በካታሊስት ሰባብሮ ቤንዚን ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ይመረምር ጀመር። የብረታ ብረት ዓይነቶችን እያፈራረቀ በመቶ የሚቆጠሩ ሙከራዎች አደረገ። የሚያወጣውን ቤንዚን የሚፈትነውም ራሱ በሚነዳው በቡጋቲው ነበር። በ1927 መልሱን ያገኘው ውድ በሆነ ማዕድን ውስጥ ሳይሆን በአሲድ በታከመ የሸክላ አፈር፣ ማለት ሲሊካና አሉሚና በሚባሉት ውህዶች ውስጥ ነው።

አፈሩ ግን አንድ ጠባይ ነበረው። ዘይቱን በሚሰባብርበት ጊዜ ገጹ በጥላሸት ይሸፈንና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደክማል። ከርሱ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች ካታሊስት ሲደክም ይጥሉት ነበር። ሁድሪ ያየው ሌላ ነው። ጥላሸቱ በአየር ቢቃጠል አፈሩ እንደገና ይነቃል፤ ቃጠሎው የሚሰጠው ሙቀትም ለሚቀጥለው ሥራ ይጠቅማል። ስለዚህ ብዙ ጋኖችን ጎን ለጎን አቁሞ፣ አንዱ ዘይት ሲሰብር ሌላው እንዲቃጠልና እንዲታደስ አደረገ። የሐሳቡ ውበት ያለው ድካምን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ዑደት በመቁጠሩ ላይ ነው።

ማርከስ ሁክ

በ1930 ቫኩም ኦይል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋበዘውና ሁድሪ ላቦራቶሪውን ይዞ ወደ ኒው ጀርሲ ግዛት ተሻገረ፤ በ1931ም በስሙ የሚጠራ ኩባንያ ተቋቋመ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነበርና ገንዘብ አጠረ። በ1933 ሰን ኦይል የተባለው ኩባንያ በሥራው ገብቶ ባይደግፈው ኖሮ ነገሩ ሁሉ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

በ1936 በፖልስቦሮ በቀን 2,000 በርሜል የሚያስተናግድ ክፍል ሥራ ጀመረ። በ1937 ደግሞ ሰን ኦይል በፔንሲልቫኒያ ግዛት በማርከስ ሁክ በቀን 12,000 በርሜል የሚሰብር ትልቅ ክፍል አቆመ። በሙቀት ብቻ ይሠራ የነበረው የቀድሞው ዘዴ ከሚገባው ዘይት ሩቡን ያህል ቤንዚን ሲያወጣ፣ የሁድሪ ዘዴ ግማሽ ያህሉን ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን አደረገው።

በማርከስ ሁክ የመኪና መሐንዲስ ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላ ነገርም ነበር። ጥላሸቱ ሲቃጠል የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በከንቱ እንዳይባክን ተርባይን እንዲያዞር ተደረገ፤ ተርባይኑም ለማቃጠያው የሚያስፈልገውን አየር ያምቅ ነበር። መሣሪያውን የሠራው ብራውን ቦቬሪ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው። ይህ ዛሬ በፈጣን መኪናዎች ላይ የምናየው ተርቦ የሚሠራበት መሠረተ ሐሳብ ነው። ሁድሪ የጭስን ጉልበት መጠቀም የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

በ1940 በእርሱ ዘዴ የሚሠሩት ክፍሎች 14 ደርሰው በቀን 140,000 በርሜል ያስተናግዱ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር 100 ኦክቴን ቤንዚን ይፈልግ ጀመር፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘውም የሁድሪ ዘዴ ሆነ። በ1942 በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ካታሊስቱን እንደ ዱቄት የሚያንሳፍፍ አዲስ ዘዴ ሥራ ጀመረና በኋላ የሁድሪን ጋኖች ተካቸው። ይሁን እንጂ ዛሬም በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ ማጣሪያዎች የሚከተሉት የእርሱን መሠረታዊ ሐሳብ ነው፤ ሰብሮ፣ አቃጥሎ፣ አድሶ መመለስ።

ሁድሪ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ ባለሙያ ብቻ አልሆነም። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ የቪሺን መንግሥት በግልጽ ተቃውሞ፣ በአሜሪካ የሚገኙ የጄኔራል ደ ጎል ደጋፊዎች ያቋቋሙትን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መራ። በዚህም የተነሣ የቪሺ መንግሥት በ1941 ዜግነቱን ገፈፈው። ስለ ሀገሩ የቆሰለው ሰው ሀገር አልባ ሆነ፤ በ1942ም የአሜሪካ ዜግነት ተቀበለ።

ሣጥኑ

ከጦርነቱ በኋላ ሁድሪ ስም፣ ሀብትና ክብር ያለው፣ ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ነበር። ቢያርፍ የሚወቅሰው አልነበረም። ነገር ግን ከተሞች በመኪና እየተጨናነቁ ሲሄዱ አየ። በሎስ አንጀለስ ላይ የሚያንዣብበው ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ከየት እንደሚመጣ ሳይንቲስቱ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ገለጸ። ጭጋጉ የሚፈጠረው በአብዛኛው በመኪና ጭስ ውስጥ የሚገኙ ያልተቃጠሉ የነዳጅ ቅሪቶችና የናይትሮጂን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ ነበር። ሁድሪን ያሳሰበው ደግሞ በተለይ የሳንባ ካንሰር እየጨመረ መሄዱ ነው።

ይህ ለእርሱ የሌላ ሰው ጥፋት አልነበረም። መኪናዎቹን የሚያስሮጠው ቤንዚን በእርሱ ዘዴ የተሠራ ነው። ስለዚህ ኦክሲ ካታሊስት የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ የሥራውን ሌላ ጫፍ ያዘ። በማርከስ ሁክ ጥላሸትን በካታሊስት ላይ ማቃጠል ችሏል፤ አሁን የሞተር ጭስ በካታሊስት ላይ እንዲቃጠል ፈለገ። መልሱ በአሉሚናና በፕላቲኒየም በስሱ የተቀባ የሸክላ ገጽ ነበር። ጭሱ በዚህ ገጽ ላይ ሲያልፍ መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ሥራውን ያለ ነበልባል፣ ሞተሩ ራሱ በሚሰጠው ሙቀት ይፈጽማል። ሁድሪ በ1956 ለዚህ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

መሣሪያው በተዘጉ መጋዘኖችና በማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ ተገጥሞ ጠቀመ። በመንገድ መኪና ላይ ግን አንድ ጠላት ጠበቀው፤ እርሳስ። ከቤንዚኑ የሚወጣው እርሳስ በፕላቲኒየሙ ላይ እየተለጠፈ ገጹን ይገድለዋል። ጥላሸት ሲሆን አቃጥሎ ማደስ ይቻላል፤ እርሳስን ግን ማቃጠል አይቻልም። በ1921 ለማንኳኳት የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ፣ ሁለተኛውን መልስ የሰጠውን ሰው የመጨረሻ ሥራ ዘጋው።

ሁድሪ ሐምሌ 18 ቀን 1962 በፔንሲልቫኒያ በሰባ ዓመቱ ዐረፈ። በዚያን ቀን በዓለም ገበያ ላይ ሣጥኑን ይዞ የሚሸጥ አንድም ተራ የቤት መኪና አልነበረም።

ከእርሱ በኋላ

በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ጠንካራ የአየር ንጽሕና ሕግ አወጣ። በዚህም መነሻ በ1975 የተመረቱት አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪናዎች ሣጥኑን ይዘው ወጡ፤ ለእነርሱም እርሳስ አልባ ቤንዚን በየማደያው መቅረብ ግዴታ ሆነ። እርሳሱ ሲወጣ ኦክቴኑን ያቆየው ምንድን ነው ቢባል፣ ከመልሶቹ አንዱ ሁድሪ ፈር የቀደደለት በካታሊስት የማጣራት ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ሥራው የመጨረሻ ሥራውን ከሞት አስነሣው ማለት ይቻላል።

ሌሎች መሐንዲሶችም ድርሻቸውን ጨመሩ። የኮርኒንግ ኩባንያ ባለሙያዎች እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ ሠሩ። የኤንግልሃርድ ኩባንያ ሰዎች ደግሞ ሮዲየም የተባለውን ማዕድን አክለው የናይትሮጂን ኦክሳይዶችን ጭምር የሚያፈርስ፣ ሦስቱን መርዞች በአንድነት የሚያጠራ ዓይነት ፈጠሩ። ይህ ዓይነቱ ሣጥን በደንብ ሲሞቅ ከሦስቱ መርዞች ከመቶ ዘጠናውን እጅና ከዚያም በላይ ያጠፋል። ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር በክብደት እንዲደርሰው ይፈልጋልና፣ ጭሱን እያሸተተ ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚናገር የኦክስጂን ሴንሰር ተጨመረለት። ዛሬ የምናውቀው ትክክለኛ የነዳጅ መርጫ ሥርዓት የተስፋፋው በከፊል ሣጥኑን ለማገልገል ሲባል ነው። በ2021 አልጄሪያ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ ስታቆም፣ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ ሀገር ሆነች።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

አሁን ወደ ጥያቄው መነሻ እንመለስ። ሣጥኑ ጉልበት ይሰርቃልን? በመጠኑ፣ አዎን። በጭስ መንገድ ላይ የተቀመጠ ማናቸውም ነገር ግፊት ይፈጥራል። ነገር ግን ተርቦ በሌለው ተራ ሞተር ላይ ጤነኛ ሣጥን የሚወስደው ጥቂት ስለ ሆነ አሽከርካሪው በመሪው ላይ ሆኖ ሊለየው አይችልም። በተርቦ ሞተር ላይ ልዩነቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያም ቢሆን የሞተሩ ኮምፒዩተር እንደገና ካልተስተካከለ ትርፉ ትንሽ ነው። የቀረው ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ጉልበት አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ መጠን ጉልበት ያጣል። ባለመኪናው የጎደለውን ጉልበት ፍለጋ ወደ ሣጥኑ ያመለክታል፤ ጉልበቱን የወሰደው ግን የተራራው አየር ነው። ሣጥኑን ቆርጦ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ይህን የምጽፈው ከወቀሳ ነጻ ሆኜ አይደለም። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ጉልበት ያጣ አንድ መኪና ሣጥኑ ተደፍኖ ተገኘና፣ ውስጡ ተቆርቁሮ ባዶው ሣጥን እንዲመለስ ሲወሰን እኔም ተስማምቼ ፈረምሁ። መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ፈጠነ፤ ባለቤቱም አመሰገነ። ሣጥኑን የደፈነው ግን ፒስተኖቹ አልፈው የሚያቃጥሉት የሞተር ዘይት ነበር። ያን ሳንነካ ቀረን። ሞተሩ በወራት ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም ከኋላው ሲሄዱ የነበሩ ሰዎች ጭሱን ተነፈሱ። የተደፈነ ሣጥን በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ምልክቱን ቆርጦ የጣለ መሐንዲስ በሽተኛውን አላከመም።

ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ብትወስንም፣ አስቀድመው የገቡት ገና ብዙ ዓመት በጎዳናዎቻችን ላይ ይኖራሉ። ሣጥናቸው ተጠብቆ ይቆይ ወይም ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው በጋራዡ ውስጥ የቆመው ባለሙያ ነው። ፍጥነትን መውደድ ነውር አይደለም፤ ሁድሪም ይወድ ነበር። እርሱን ከሌሎች የለየው ለሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ከሠራ በኋላ ፊቱን ወደ ጭስ ማውጫው መልሶ፣ ከዚያ የሚወጣውም የእኔ ሥራ ነው ማለቱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለመኪና ሣጥኑን ቁረጥልኝ ብሎ ሲመጣ፣ ከመቁረጫው በፊት የጭስ ግፊት መለኪያውን እናንሣ፤ ከመለኪያውም ጋር ይህን ሰው እናስታውስ።